ሱፉ የጠወለገው ጠምቶት ነው? መልሱን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዩት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ሐሙሲትን አልፋችሁ ወደ ወረታ ስትቀርቡ መሬቱ እየተዘረጋ ይመጣል፤ የፎገራ ሜዳ ነው። በክረምት ሩዝ የሚቆምበት ይህ ጥቁር መሬት በመጋቢትና በሚያዝያ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የቀኑ ሙቀትም ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። በዚህ ወቅት አጥር ጥግ የተተከለ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የሱፍ አበባ ካገኛችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ እዩት። ትልልቆቹ ቅጠሎች እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል፣ ጫፉም አንገቱን ደፍቷል። «እማ፣ አበባው ሊሞት ነው!» ብሎ ጀሪካን አንስቶ የሚሮጥ ልጅ አይጠፋም።

ቆይ፣ ከመሮጣችሁ በፊት! ያ ጀሪካን በበጋ ከሩቅ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም በልጃገረዶች ጀርባ የሚመጣ ውሃ ነው። በዚያ ላይ ሱፍ በቀትር ስለጠወለገ ብቻ ጠምቶታል ማለት አይደለም። አንዳንዴ ጭራሽ ውሃ በዝቶበት ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጨመርለት ውሃ ይገድለዋል። ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ለመለየት ደግሞ ትክክለኛው ሰዓት ቀትር ሳይሆን የማግስቱ ጠዋት ነው። ለምን እንደሆነ እስቲ እንየው።

(ስለ ስሙ አንድ ነገር ላንሳ። አገራችን ውስጥ «ሱፍ» ሲባል እሾሃማው የአበሻ ሱፍም ሊሆን ይችላል፤ በጾም ፍትፍት የሚሠራበት። እዚህ የምናወራው ስለ ረጅሙና አበባው እንደ ሰሃን ስለሚሰፋው፣ አንዳንዶች የፈረንጅ ሱፍ ስለሚሉት ነው። የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። ከእኛው ኑግና ከአደይ አበባ ጋር ግን የአንድ ቤተሰብ ዘመድ ነው።)

ቅጠል አጥንት የለውም

የሱፍ ግንድ ሲጎለምስ እንጨት እንጨት ይላል፤ ስለዚህ በሙቀት ቀን ግንዱ አይታጠፍም። የሚታጠፉት ቅጠሎቹና ለስላሳው ጫፍ ናቸው። እነዚህ የቆሙት በውሃ ግፊት ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በቀጭን ግድግዳ የታሸገ የውሃ ከረጢት ነው፤ ውስጡ ውሃ ሲሞላ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት የነዳ ሰው ይገባዋል፦ ጎማው የሚጠነክረው ላስቲኩ ስለወፈረ ሳይሆን ውስጡ አየር ስለተነፋ ነው። በቅጠል ሕዋስ ውስጥ ያለው ግፊት እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከመኪና ጎማ ግፊት ይበልጣል። ውሃው ሲቀንስ ግፊቱ ይወርዳል፣ ቅጠሉም እንደ ተነፈሰ ጎማ ይላላል። ሕዋሱ ግን አልሞተም፤ ጎማው አልተቀደደም፣ ተነፈሰ እንጂ።

ታዲያ ውሃው የት ሄደ?

እ.ኤ.አ. በ1724 ስቲቨን ሄልስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ይህንኑ ጥያቄ በሚዛን ለመመለስ ተነሳ። አንድ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የሱፍ አበባ በሸክላ ዕቃ ተክሎ፣ ውሃ በአፈሩ በኩል እንዳይተን አፉን በስስ የእርሳስ ብረት ከደነው። ከዚያ ጠዋትና ማታ መዘነ፤ በሐምሌና በነሐሴ መካከል 15 ቀናት። በ1727 ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው ተክሉ በ12 ሰዓት ቀን ውስጥ በአማካይ 1 ፓውንድ ከ4 አውንስ፣ ማለትም 570 ግራም ያህል ውሃ አጣ። በጣም በሞቀው ቀን 850 ግራም ደረሰ። በደረቅና ሞቃት ሌሊት ግን ያጣው 85 ግራም ገደማ ብቻ ነበር።

ይህ ሙከራ እስካሁን ድረስ ደስ ከሚሉኝ ሙከራዎች አንዱ ነው፤ መሣሪያው አንድ ሚዛን ብቻ ነው። እናንተም በጣሳ የተተከለ ችግኝና የወጥ ቤት ሚዛን ካገኛችሁ ትደግሙታላችሁ። የአፈሩን አፍ በፌስታል ሸፍናችሁ በግንዱ ዙሪያ ላላ አድርጋችሁ እሰሩትና ጠዋትና ማታ መዝኑ።

ተክሉ ይህን ሁሉ ውሃ የሚያወጣው በቅጠሉ ላይ ባሉ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ነው፤ ስቶማታ ይባላሉ። ቀዳዳዎቹ የተከፈቱት ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት ነው፤ ምግቡን የሚሠራው ከሱ ነውና። በተከፈተው በር ግን ውሃው ይወጣል። ኪሳራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ኪሎ ውሃ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የሄልስን 570 ግራም በ12 ሰዓት ብታካፍሉት 30 ዋት ገደማ ይመጣል፤ አንዲት ትንሽ አምፖል የምትሰጠውን ያህል ሙቀት ቀኑን ሙሉ ከቅጠሉ ላይ እየተወሰደ ነበር ማለት ነው። ማቀዝቀዣ ነው በሉት።

አሁን ስሌቱን ወደ እኛ አገር እናምጣው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው አየር ሁልጊዜ በውሃ ትነት የጠገበ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አየሩ 15 ዲግሪ ነው እንበል። በዚህ ሙቀት የጠገበ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 13 ግራም ያህል ትነት ይይዛል። የውጪው አየር 9 ግራም ቢኖረው ልዩነቱ 4 ግራም ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አየሩ 30 ዲግሪ ሲደርስ የጠገበ አየር 30 ግራም ይይዛል፤ የውጪው ግን ያው 9 ግራም ነው። ልዩነቱ 21 ግራም ሆነ። ውሃውን ከቅጠሉ ወደ ውጭ የሚስበው ይህ ልዩነት ነው፤ ከጠዋቱ አምስት እጥፍ በላይ ሆኗል። ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት።

ሥሩስ? ሥሩ አምስት እጥፍ አላደገም! ውሃው ከአፈር ወደ ሥር፣ በሥሩ ሥጋ አልፎ በግንዱ ቀጫጭን ቱቦዎች እስከ ላይ መድረስ አለበት፤ መንገዱ ጠባብ ነው። ስለዚህ አፈሩ እርጥብ ሆኖም እንኳ ቀትር ላይ ወጪው ከገቢው ይበልጣል። ሱፍ በዚህ ረገድ አባካኝ ቢጤ ነው። በቆሎ ውሃ እጥረት ሲሰማው ቀዳዳዎቹን ቶሎ ዘግቶ ይቆጥባል፤ ሱፍ ግን ክፍት አድርጎ መሥራቱን ይቀጥላል፣ ዋጋውንም በመጠውለግ ይከፍላል።

መጠውለጉም ቢሆን የራሱ ጥቅም አለው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጠፍጣፋ የተዘረጋ ቅጠል ሙሉውን ጨረር ይቀበላል። ያው ቅጠል በ60 ዲግሪ ወደ ታች ቢንጠለጠል ቀጥታ የሚያርፍበት ጨረር በግማሽ ይቀንሳል፤ ሒሳብ የተማራችሁ የ60 ዲግሪ ኮሳይን ግማሽ መሆኑን አስታውሱ። ፀሐይ ስትበርድ ወጪው ይቀንሳል፣ ሥሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያመላልስ ያድርና ቅጠሎቹ ይነፋሉ። ይህ ጊዜያዊ መጠውለግ ነው።

የጠዋቱ ፈተና

ጊዜያዊውን ከእውነተኛው ጥማት ለመለየት ሳይንቲስቶች የተጠቀሙበት ዘዴ ለእናንተም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1912 አሜሪካዊዎቹ ብሪግስ እና ሻንትዝ «ተክል ጠውልጎ ሳይነሳ የሚቀረው አፈሩ ውስጥ ስንት ውሃ ሲቀር ነው?» የሚለውን ጥያቄ በሰፊው አጠኑ። መለኪያው ተክሉ ራሱ ነው። የጠወለገውን ተክል እርጥብ አየር ባለበት ጨለማ ቦታ ታሳድሩታላችሁ፤ ካገገመ አፈሩ ገና የሚጠጣ ውሃ አለው፤ ካላገገመ ውሃው አልቋል። ይህ ነጥብ ቋሚ የመጠውለግ ነጥብ ይባላል። ከጊዜ በኋላ ለዚህ ልኬት በላቦራቶሪ የተለመደው ተክል ማን እንደሆነ ገምቱ። ሱፍ! ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ሲጠወልግም ሲነሳም በግልጽ ይታያል።

እርጥብ ጨለማ ክፍል የለንም ካላችሁ፣ አላችሁ፤ ሌሊት ነው። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ውጡና እዩ። ቅጠሎቹ ቀጥ ካሉ የትናንቱ መንጠልጠል የሙቀት ነው፤ ውሃ በዚያ ቀን ግዴታ አይደለም። ጠዋትም እንደተንጠለጠሉ ከሆኑ ችግሩ አፈሩ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ጣታችሁን፣ ጣት ካልገባ ቀጭን እንጨት፣ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች አስገቡ። ደረቅ ነው ወይስ ይጨቀያል? መልሱ ሁሉን ነገር ይቀይረዋል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ማታ ስለሚነሳ ምንም አይሆንም» ብሎ ለሳምንታት መተውም ልክ አይደለም። በየቀኑ የሚጠወልግ ተክል በመጨረሻ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፣ ቀዳዳው ሲዘጋ ምግብ መሥራቱም ይቆማል። ሱፍ ከሁሉ የበለጠ ውሃ የሚያሻው አበባው ከመፈንዳቱ 20 ቀን ገደማ በፊት ጀምሮ እስከ 20 ቀን ገደማ በኋላ ድረስ ነው። በነዚያ ሳምንታት የተጠማ ተክል አበባው ያምር ይሆናል፤ ፍሬው ግን ይቀልላል፣ ግማሹም ባዶ ይሆናል።

ጥቁሩ አፈር የሚደብቀው ውሃ

ፎገራ ላይ ነገሩን የሚያወሳስበው አፈሩ ነው። ጥቁር ዋልካ (መረሬ የሚሉትም አሉ) ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ችግሩ አጥብቆ መያዙ ነው። የሸክላው ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ውሃው በላያቸው ላይ በስሱ ተለጥፎ ይቀራል። ቋሚ የመጠውለግ ነጥብ ላይ ሥሩ አፈሩን የሚስበው በ15 ባር ገደማ ነው፤ 150 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ከታች የሚያሳድረውን ግፊት ያህል። ከዚያ በላይ መሳብ አይችልም። በከባድ ሸክላ አፈር ውስጥ በዚህ ነጥብ ላይ እንኳ ከአፈሩ ይዘት ከመቶ 25 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ገና ውሃ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በዚህ አፈር ብትሞሉት፣ ውስጡ ተክሉ ሊጠጣው የማይችል 5 ሊትር ውሃ አለ ማለት ነው። በአሸዋ ቢሆን አንድ ሊትር ገደማ ነበር። ስለዚህ «ስነካው ቀዝቀዝ ይላል፣ እርጥበት አለው» ማለት በዋልካ መሬት ብዙም አያስተማምንም። ስትጠቀልሉት ሳይፈረካከስ እንደ ገመድ የሚጠቀለል ከሆነ ገና የሚጠጣ ውሃ አለው፤ የሚሰባበር ከሆነ አጠጡ።

ሌላው ስንጥቁ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲሰነጠቅም ሥሮቹን ይበጥሳል። ከላይ ደፍ የምታደርጉት ውሃ ደግሞ በስንጥቁ ሥር ሥሩን ይዞ ይጠፋል፤ ተክሉ ሳያየው። መፍትሔው ከማጠጣት በፊት የላይኛውን አፈር በስሱ መኮትኮትና ስንጥቁን መድፈን፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ማጠጣት ነው። ጀሪካኑን በምስማር በስታችሁ አጠገቡ ብታስቀምጡት ሥራውን ራሱ ይሠራል።

ክረምት ላይ የሚጠወልገው

አሁን ወደ ሐምሌ እንሂድ። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውሃ አቁሯል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰማዩ ደመና ነው፣ አፈሩ ጭቃ ነው፤ ሱፉ ግን ተንጠልጥሏል። እንዴት ሆኖ?

ሥር ይተነፍሳል። ውሃ ለመሳብ ጉልበት ይፈልጋል፣ ለጉልበቱም ኦክስጅን። በአፈሩ ቀዳዳ ውስጥ አየር ሲኖር ኦክስጅን በቀላሉ ይደርሳል፤ ቀዳዳው በውሃ ሲሞላ ግን እንቅስቃሴው 10,000 ጊዜ ያህል ይዘገያል። የታፈነ ሥር ውሃ የሚያስገባባቸውን በሮች ይዘጋል። ተክሉ በውሃ መካከል ቆሞ ይጠማል። ከዚህ በተጨማሪ ኤትሊን የሚባለው ጋዝ፣ ሙዝ የሚያበስለው ያው ጋዝ፣ በተክሉ ውስጥ ይጨምርና የቅጠሉን ዘንግ ወደ ታች ያጎብጠዋል። ከሩቅ ለሚያይ ከጥማት አይለይም።

እዚያው አጠገቡ ሩዙ ደስ ብሎት ቆሟል። ሩዝ በሥሩ ውስጥ ከቅጠል ወደ ታች አየር የሚያወርዱ ክፍት ቱቦዎች አሉት። (ሩዝ ፎገራን ከተላመደ ገና አርባ ዓመት ገደማ ነው፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለው የታወቀው ዝርያ ስሙን ያገኘው ሐሙሲት ባለችበት በደራ ወረዳ ካለችው ጅግና ነው።) የሚገርመው ግን ኑግ ነው። የሱፍ ዘመድ ሆኖ ሳለ ውሃ የሚያቁር ጥቁር መሬትን በደንብ ይችላል፤ እሱም በሥሩ ውስጥ የአየር ክፍተት ያበጃል። ሱፍ ይሞክራል፤ ግንዱ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያብጥና ነጫጭ አዳዲስ ሥሮችን ያወጣል። እነዚህን ካያችሁ ጥርጥር የለም፣ ችግሩ የውሃ ብዛት ነው። ታችኞቹ ቅጠሎችም ቢጫ መሆን ይጀምራሉ።

መድኃኒቱ ውሃውን ማጠንፈፍ ብቻ ነው፤ ቦይ ቆፍራችሁ ውሃውን አስወጡ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ከመጀመሪያው ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከል ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች በጥቁር መሬታቸው ላይ ከፍ ያለ መደብና ቦይ በእጃቸው ሲሠሩ ኖረዋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ይህንኑ ሥራ በበሬ ለማሠራት ሁለት ማረሻ አጣምረው መደብ ማውጫ ሠርተዋል። ለግቢ አበባ ግን ዶማ ይበቃል፤ አንድ ክንድ ተኩል ስፋት፣ አንድ ስንዝር ከፍታ።

ታዲያ በበጋ ምን እናድርግ?

ማጠጣት ያለባችሁ ጠዋት በማለዳ ነው፤ ሥሩ አጠገብ፣ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን። በየቀኑ አንድ ጣሳ ከመስጠት በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ በደንብ ማጠጣት ይሻላል። ጥቂት ውሃ የላይኛውን አፈር ብቻ ያረጥባል፣ ሥሩም ውሃውን ተከትሎ ላይ ላዩን ይቀራል። ሱፍ ግን ዋና ሥሩን በጥሩ አፈር ሁለት ሜትር ድረስ መስደድ የሚችል ተክል ነው። መጠኑን ከሄልስ እንገምት፦ አንድ ሜትር የነበረው ግማሽ ሊትር ከጠጣ፣ ሁለት ሜትር የሆነውና ብዙ ቅጠል ያለው በደረቅ አየር ከአንድ ሊትር በላይ ቢፈልግ አይገርምም። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአምስት ተክሎች ለሁለት ሦስት ቀን ጥሩ መነሻ ነው፤ ቀሪውን የጠዋቱ ፈተና ያስተካክልላችኋል።

ከውሃው እኩል የሚጠቅመው አፈሩን ማልበስ ነው። የሩዝ ገለባ ለከብት ስለሚፈለግ አይባክን፤ ከሩዝ መፈልፈያ ቤት የሚወጣው ቅርፊት ግን ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። ሦስት ጣት ውፍረት አድርጋችሁ በሥሩ ዙሪያ በትኑት፣ ግንዱን ግን አታስነኩት። ትነቱ ይቀንሳል፣ ስንጥቁም ይቀንሳል። አዲስ አበባ በረንዳ ላይ በጥቁር ፕላስቲክ ለምትተክሉ ደግሞ ዋናው ነገር ዕቃውን ከፀሐይ መሸፈን ነው፤ ሥሩ በጎን በኩል ይቀቀላል።

ቁመቱ የራሱ ጣጣ አለው። የተንጠለጠለ ቅጠልን እንጨት አያነሳውም፤ ድጋፍ የሚያስፈልገው ለነፋስ ነው። ነፋስ አበባውን የሚገፋበት ኃይል አንድ ሆኖ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ቢያድግ፣ ግንዱ ግርጌ ላይ የሚደርሰው የማጠፍ ጫና በእጥፍ ያድጋል። ከባድ ዝናብ አፈሩን ካላላው በኋላ ነፋስ ከመጣ ከነሥሩ ይነቀላል። የቀርከሃ ወይም የባሕር ዛፍ እንጨት ተክሉ ጉልበት ሳይደርስ ትከሉ፤ ዘግይታችሁ ብትተክሉት ሥሩን ትቆርጣላችሁ። ማሰሪያው ገመድ ሳይሆን ሰፋ ያለ የጨርቅ ቁራጭ ይሁን፤ በእንጨቱና በግንዱ መካከል አንዴ አጣምሩትና ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ግንዱ ትንሽ ይወዛወዝ። የሚወዛወዝ ግንድ ይወፍራል።

ሦስተኛው መንጠልጠል

አንድ ቀን ቅጠሎቹ ጠዋት ቀጥ ብለው ሳለ አበባው ብቻ አንገቱን ደፍቶ ታገኙታላችሁ፤ ማታም፣ በማግስቱም አይነሳም። ለጋ ሱፍ ቀን ቀን ፀሐይን ተከትሎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ሲያብብ መዞሩን ያቆምና ወደ ምሥራቅ እንዳየ ይቀራል። ከዚያ ፍሬው እየከበደ ሲሄድ አንገቱ ይጎብጣል፣ ፊቱም ወደ መሬት ይመለሳል። ይህ እርጅና ነው፣ ውሃ አይመልሰውም። የአበባውን ጀርባ ተመልከቱ፤ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ ከሄደ ፍሬው ደርሷል። ማጠጣቱን አቁሙ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ እርጥበት ሻጋታ ነው የሚያመጣው። ወፎች ከእናንተ በፊት ያውቁታልና በስስ ጨርቅ ሸፍኑት፣ ወይም ከነአንገቱ ቆርጣችሁ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት።